ለቤት ጋራዥ የትኛው የብየዳ ማሽን ይሻላል፦ የኤሌክትሮድ ወይስ ሚግ?

በቤቱ ጋራዥ ብረት መበየድ የሚሻ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረት በሚያያይዝ ዘንግ) በሚሠራው ኢንቨርተር በሚባለው የብየዳ ማሽንና፣ ሽቦ እየገፋ በሚበይደው ሚግ መካከል ነው።

በወጪ የኤሌክትሮዱ ይቀላል። ሚግ ከማሽኑ ሌላ የጋዝ ሲሊንደር፣ የጋዝ መቆጣጠሪያና የሽቦ ጥቅል ይፈልጋል።

በአያያዝ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ኤሌክትሮድ እየነደደ ስለሚያጥር እጅ ርቀቱን ጠብቆ አብሮት መውረድ አለበት፤ ጀማሪ እሳቱን ለማስነሳት ሲጭረው ደግሞ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግረዋል። ሚግ ሽቦውን ራሱ ስለሚገፋ ደህና የብየዳ መስመር ቶሎ ይወጣል። ሆኖም ያማረ መስመር ሁሉ የጠበቀ ብየዳ አይደለም፤ በወፍራም ብረት ላይ ኃይሉ ካነሰ ሽቦው ላዩን ብቻ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ቁራጭ በይዶ፣ በጉጠት ይዞ፣ እስኪታጠፍ በመዶሻ መትቶ መፈተንን አጥብቄ እመክራለሁ።

በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ የገባለት ሚግ ያለ ችግር ሲሠራ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በቀላሉ ይበሳዋል።

ከአደጋ አንጻር ጨረሩና ፍንጣሪው በሁለቱም አለ። የኤሌክትሮዱ ጢስ ይበዛል፤ በሩን ከፍቶ ማስወጣት ግድ ነው፤ በዚያው በር የሚገባው ነፋስ ግን የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጠብቀውን የሚግን መከላከያ ጋዝ በትኖ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል።

የመኪና አካልና ስስ ቱቦ ለሚያዘወትር ሚግ ይስማማዋል፤ ደጅ ለሚሠራ፣ በርና አጥር ለሚጠግን፣ ዝገት ያልለቀቀው ወፍራም ብረት ለሚገጥመው ኤሌክትሮድ ይሻለዋል።