ጃፓንኛ፦ ከዚራ ጥላ ሥር ወይስ ጃፓን ሄዶ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሆኖ በስልክ መማር ይሻላል ወይስ የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ መግባት? ለመጀመር የከዚራ ጥላ ይበቃል። ሁለቱ የጃፓንኛ የፊደል ገበታዎች፣ ሂራጋናና ካታካና፣ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው፤ አብዛኞቹ እንደኛው ፊደል ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዙ፣ ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ሰው ግራ አይጋባም። ግሱም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው፦ «እኔ ቡና እጠጣለሁ» ቅደም ተከተሉን ሳይለቅ ይሄዳል። (እንግሊዞች ይህን ዕድል አላገኙም!)

ጣጣው ካንጂ ነው፤ ከቻይና የመጡት፣ ትርጉም የሚይዙት ምልክቶች። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመረጡት ብቻ 2,136 ናቸው፤ በድሬ የቀትር ሙቀት ለብቻ ሲያጠኗቸው እንቅልፍ ያሸንፋል። በስኮላርሺፑ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄድ በአብዛኛው 5 ዓመት ይማራል፤ የመጀመሪያው ዓመት በዋናነት የቋንቋ ዝግጅት ነው። መምህሩ ያርማል፣ ባለሱቁም ያስገድዳል። እኔ ብሆን ሁለቱን ፊደላት እዚሁ ጨርሼ ካንጂውን ለዚያ አቆያለሁ።