ምስጋናም ጥቆማም፦ ቀለም ቀቢ ለምትፈልጉ

ቤታችሁን ቀለም ልታስቀቡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህን ልጅ ያዙት። ሌላ ሰው ሳትጠሩ በፊት ያዙት። ተቃጥዬ ነው የምናገረው።

ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ላይ ቴክስቸር ቀለም፣ ያ ወፈር ብሎ ሻካራ ቅርጽ የሚያወጣው፣ አማረን። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ ቀብዱን ተቀበለና የድሮውን ግድግዳ አቧራውን እንኳን ሳይጠርግ ከላዩ ለጠፈበት። ያን ሰሞን ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀልን። ክረምቱ ሲገባ ግን ከሶፋው ጀርባ ማበጥ ጀመረ፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወረደ። ስደውልለት "የቀለሙ ችግር ነው" አለኝ። ቀለሙን የሸጡልን ደግሞ "የቀቢው ችግር ነው" አሉ። ኋላማ ስልክ ማንሳትም ተወ። ሌላ ሰው ጠራን። እሱ ደግሞ በሩ ላይ እንደቆመ "ችግር የለም፣ እንደርብበታለን" ብሎ ዋጋ ጠራ። በስንቱ ልናደድ!

ይሄኛውን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጁ ሲገባ የቀለም ወሬ አላነሳም። ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሳሎኑን ዞረ። "እዚህ ጋ ልስኑ ለቋል" አለ። ከዚያ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሸት አድርጎ አሳየኝ። ነጭ ዱቄት ነው። "እህቴ፣ ቴክስቸሩ የያዘው ይሄን አቧራ ነው እንጂ ግድግዳውን አይደለም።" በቃ! ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የላላውን ፍቆ አወረደ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ከዚያ ፕራይመር ቀባ። ስለ ፕራይመሩ አትጠይቁኝ፤ ሲያስረዳኝ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። የገባኝ ነገር፣ ግድግዳው የቴክስቸሩን ውሃ ቶሎ እንዳይመጠው ነው። ጥግ ላይ ያለው እርጥበት ግን ከቧንቧ የመጣ ነው ብሎ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ሳያየው አልነካም አለ። ለፋሲካ ይድረስልን ብለን ለመንነው፤ ጭማሪም እንስጥህ አልነው። "ሳይደርቅ ቀብቼ ገንዘባችሁን አልበላም" ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። በዚህ ዘመን ብር እንቢ የሚል ባለሙያ አይታችኋል?

የማልረሳለት ግን ለእናቴ ያደረገውን ነው። አስም አለባት። ከመኝታ ቤት ስትስል ሰማና ፍተጋውን አቆመ። አንሶላ ለምኖኝ ውሃ ነከረና በሯ ላይ ሰቀለው፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈነው። ከዚያ ወዲያ አቧራ ያለውን ሥራ የሚሠራው እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻ ሆነ። "እማማ ወጡ?" ብሎ ሳይጠይቅ ብርጭቆ ወረቀት አያነሳም። ማንም አላዘዘውም! እናቴ አሁን ከእኛ ከልጆቿ አስበልጣ ትመርቀዋለች። አልተቀየምንም። ትንሽ ተቀይመናል።

ፋሲካን ባዶ ግድግዳ እያየን ዋልን። እሱ ደርቋል ባለ ጊዜ ተቀባ። ይኸው ክረምት አልፎበት ንክች አላለም። ከሶፋው ጀርባም ሄጄ አይቻለሁ።

ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ይበል! ሁለቴ ከመክፈል ይሻላል። እጁን ቁርጥማት አይንካው። ደግሜ እላለሁ፣ ያዙት፤ ግን ወረፋ አለው፣ አሁን የወንድሜን ቤት ጀምሯል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ብቻ ጠዋት እንዳትደውሉለት፤ መሰላል ላይ ነው።