ከርል ወይስ ኤችቲቲፓይ? ቶክን የሚጠይቅ ኤፒአይ ለመፈተሽ

ካዛንቺስ ካፌ ቁጭ ብሎ የክፍያ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) የሚሞክር ሰው ይህን ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ከርል (curl) እና ኤችቲቲፓይ (HTTPie) ከተርሚናል በትእዛዝ ወደ ኤፒአይ ጥያቄ የሚልኩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ማግኘት፦ ከርል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ማክና ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 ስሪቶች ላይ ተጭኖ ይመጣል። በፓይተን የተሰራው ኤችቲቲፓይ ግን መውረድ አለበት። የሞባይል ዳታህ እያለቀ ከሆነ ይሄም ይታሰብበት።

አጻጻፍ፦ እንደ ቻፓ ያሉት የክፍያ አገልግሎቶች ቶክኑን፣ ማለትም ሚስጥራዊ ቁልፉን፣ የሚቀበሉት በቤረር ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚላክ ቁልፉን የያዘ መስመር) ነው። ከርል ላይ ሄደሩን ሙሉውን ትጽፋለህ፣ ጄሰኑንም (የምትልከው ዳታ የሚጻፍበትን ቅርጽ) ከነጥቅሱ። አንዲት ጥቅስ ከተረሳች ጉድ ፈላ! ኤችቲቲፓይ ስምና ዋጋ ሰጥተኸው ጄሰኑን ራሱ ይሰራል፤ መልሱንም በቀለም ለይቶ ያሳያል።

አደጋ፦ ቶክኑን ትእዛዙ ውስጥ ከጻፍከው በሁለቱም በኩል በተርሚናሉ የትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። የጋራ ኮምፒውተር ከሆነማ አለቀ። ከርል ሄደሩን ከፋይል ማንበብ ይችላል፤ ፋይሉን ግን ለሌላ ተጠቃሚ ዝጋው። የኤችቲቲፓይ ሴሽን (ሄደሩን ለቀጣይ ጥያቄዎች የሚያስቀምጥ ፋይል) ቶክኑን በየጊዜው ከመጻፍ ያድንሃል፣ ግን ሳይመሰጥር ነው የሚያስቀምጠው። ለፕሮዳክሽን (ለእውነተኛ ክፍያ ለሚሰራ) ቁልፍ እኔ አልደፍረውም።

ሰርቨር ላይ ከገባህ ወይም ስክሪፕት ከጻፍክ ከርል። በራስህ ላፕቶፕ፣ በመሞከሪያ ቁልፍ፣ አዲስ ኤፒአይ እየነካካህ ከሆነ ኤችቲቲፓይ።