ዊልቸር ለሚገፉት ሠራተኞችና ለአንዲት የቲኬት ቢሮ ሠራተኛ፦ እግዜር ይስጥልን

እናቱን ወይም አባቱን ይዞ በቁጥብ ገንዘብ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው ያንብበው። ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ምስጋናው በየኤርፖርቱ ዊልቸር እየገፉ አረጋውያንን ከመግቢያው በር እስከ አውሮፕላን መቀመጫቸው ለሚያደርሱት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ቲኬቱን ከመቁረጧ በፊት መጠየቅ ያለበትን ሁሉ ለጠየቀች አንዲት የቲኬት ቢሮ ሠራተኛ ነው። ጥቆማው አጭር ነው፦ የዊልቸር አገልግሎት ጠይቁ። ወላጃችሁ ቤታቸው ውስጥ ያለ ምርኩዝ የሚሄዱ ቢሆኑም ጠይቁ። አይከፈልበትም። በትላልቅ ኤርፖርቶች ከአንድ ጌት (የመሳፈሪያ በር) ወደ ሌላው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር መሄድ የተለመደ ነው፤ በየመሃሉ ደግሞ የፍተሻና የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ። የአረጋውያን ጉልበት የሚያልቀው ከመንገዱ ይልቅ ሰልፉ ላይ ነው።

መራራውን አስቀድመን እንናገር፤ ስም አንጠራም። «ዊልቸሩን እዚያ ስትደርሱ ትጠይቃላችሁ» ብለው ስልኩን የሚዘጉ ርካሽ ቲኬት ሻጮች አሉ። እዚያ ሲደረስ «ስማቸው ሲስተም ላይ የለም» ይባላል። እናትን በዊልቸር ግድግዳ ፊት አስቀምጦ «አሁን ሰው ይመጣል» ብሎ የሚጠፋ ሠራተኛ አለ፤ የሚመጣው ሰው አይመጣም፤ ጌቱ ሊዘጋ ሲል ልጅ ሰው ፍለጋ ይሮጣል። ነጻ ለሆነ አገልግሎት ክፍያ ብሎ እጁን የሚዘረጋም አለ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን እናት ቁጭ ብለው እየሰሙ፣ በራሳቸው ላይ አልፎ ከልጃቸው ጋር የሚያወራው ነው፦ «ትሰማለች? መራመድ ትችላለች?» ይላል። አንቺ ለመባል እንኳ አልበቁም፤ ከናካቴው የሉም።

ያቺ የቲኬት ቢሮ ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ የተለየችው ገና በስልኩ ላይ ነው። «እናትዎን ያገናኙኝ» አለች። ከዚያ ራሳቸውን ጠየቀቻቸው፦ «እናቴ፣ የአውሮፕላን ደረጃ ሰው ሳይደግፍዎ ይወጣሉ? ከአውሮፕላኑ በር እስከ ወንበርዎ በእግርዎ ይሄዳሉ? መጸዳጃ ቤት ብቻዎን ይገባሉ?» ሦስት ጥያቄ ነው። የአገልግሎቱ መሠረት ግን እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ምክንያቱም አየር መንገዶች ለዊልቸር የሚሠሩባቸው ዋና ኮዶች (አጭር መለያዎች) ሦስት ናቸው። ደረጃ የሚወጣ፣ በአውሮፕላኑም ውስጥ የሚራመድ፣ ረጅም መንገድ ብቻ የሚያደክመው ሰው «ደብሊው ሲ ኤች አር» (WCHR) ይባላል። ደረጃ የማይወጣ፣ ነገር ግን ከበሩ እስከ ወንበሩ የሚራመድ የመጨረሻው ፊደል «ኤስ» (WCHS) ይሆናል። ጭራሽ የማይራመድ ደግሞ «ሲ» (WCHC)።

አንዲት ፊደል ስትሳሳት ምን ይሆናል? «አር» ተብለው የተመዘገቡ እናት አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ ሲቆም በአውቶቡስ ተወስደው ደረጃው ሥር ይደርሳሉ። ደረጃ ይወጣሉ ተብሎ ስለታሰበ ሳጥኑን ከፍ አድርጎ በሩ ላይ የሚያደርሰው የማንሻ መኪና አልታዘዘም። ያኔ መጥራት መዘግየት ነው። በተቃራኒው ለጥንቃቄ ተብሎ «ሲ» ከተጻፈ፣ በአውሮፕላኑ መተላለፊያ የምትገባው ጠባብ ወንበርና ደግፈው የሚያስቀምጡ ሰዎች ይታዘዛሉ፤ ለሚያስፈልገው ሰው መድረስ የነበረበት ጉልበት ይባክናል፤ አንዳንዱ አየር መንገድም የሐኪም ቅጽ ይጠይቃል። ስለዚህ የወላጅን አቅም ማጋነንም ማሳነስም አይጠቅምም። ጉልበታቸው ደረጃ ላይ የሚያመነታ ከሆነ ግን «ኤስ» ይሁን። ርካሽ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚቆሙት ከተርሚናሉ ርቀው ነው።

ሁለተኛው ውለታዋ በጣም ርካሹን ቲኬት አልሸጥም ማለቷ ነው። በሁለት አየር መንገድ ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ቲኬቶች፣ መሃል ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ የማይሞላ ትራንዚት። ዋጋው ያጓጓል። ግን ሁለቱ ቲኬቶች አይተዋወቁም። ሻንጣው መጨረሻው ድረስ አይላክም፤ ወጥቶ መውሰድ፣ እንደገና ማስመዝገብ ነው። ለመውጣት ኢሚግሬሽን ማለፍ ያስፈልጋል፤ ለዚያ አገር ቪዛ ከሌለ ጉዞው እዚያው ያበቃል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ «ሳይመጡ ቀሩ» ብሎ ይሰርዛል፤ ሌላ ቲኬት መግዛት የእናንተ ዕዳ ነው። የዊልቸሩም ጥያቄ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። በአንድ ቲኬት ከሆነ ግን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። እሷ የመረጠችው በአንድ ቲኬት፣ ሦስት ሰዓት ትራንዚት ያለውን ነው። ሦስት ሰዓት ሲሰማ ይረዝማል፤ ነገር ግን በዊልቸር የሚሄድ መንገደኛ ከአውሮፕላን የሚወርደው በመጨረሻ ነው፤ ወንበሩ እስኪመጣ መጠበቅም አለ።

ከዚያም ቲኬቱን ቆርጣ ዝም አላለችም። በእያንዳንዱ በረራ ላይ፣ በመመለሻውም ጭምር፣ ጥያቄው «ተጠይቋል» ከሚለው ወደ «ተረጋግጧል» መቀየሩን አይታ በጽሁፍ ላከች። መልእክቱ ከአንዱ አየር መንገድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ እሷ ታውቃለች፤ መንገደኛ ማወቅ ያለበት መመለሻው ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚረሳ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያገኘ ሰው ቁጥሯን ይያዝ፤ ለጎረቤቱም ይስጥ።

አሁን ወደ ዊልቸር ገፊዎቹ። ብዙ ወላጆች ወንበሩን ሲያዩ ይቆጣሉ። «ሽባ ነኝ እንዴ?» ይላሉ። ልጅ ይለምናል፤ ልመናው ያባብሰዋል። በአንድ ትልቅ የትራንዚት ኤርፖርት የነበረው ረዳት ይህን ሲሰማ አልተከራከረም። ከእናትየው ዓይን ጋር እኩል እስኪሆን በርከክ ብሎ፣ እስከ ጌቱ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚያስኬድ የሚያሳየውን ሰሌዳ በጣቱ አመለከተ። «ይህ ለእግርዎ አይደለም፤ ለመንገዱ ርዝመት ነው» አለ። ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ሙያ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያስተውለው። ከመቀመጣቸው በፊት ሁለቱን ፍሬን ያዘ፤ የእግር ማሳረፊያዎቹን አጠፈ፤ ከተቀመጡ በኋላ ነው የዘረጋቸው። ይህ ካልተደረገ ሰው ማሳረፊያውን ረግጦ ይነሣል፤ ወንበሩም ወደፊት ይደፋል። ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ዞሮ ወረደ፤ ሊፍት ሲገባም በጀርባ ነው የገባው፤ የፊት ትንንሽ ጎማዎች በሊፍቱ ክፍተት እንዳይያዙ። ፓስፖርቱን ለልጁ ሳይሆን ለራሳቸው ለእናትየው በእጃቸው ሰጠ። ጌቱ ከመድረሱ በፊት መጸዳጃ ቤት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀ፤ «መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት አለ?» ብሎም ጨመረ። ጌቱ ላይ ሲደርስ አስቀምጦ አልጠፋም፤ የጌቱ ሠራተኛ ስማቸውን አንብቦ «ተረክቤአለሁ» እስኪል ቆመ። ሰው የሚረሳው በርክክቡ ላይ ነው፤ ግድግዳ ፊት የሚቀሩት እናቶች ሁሉ በዚህ ቦታ የተረሱ ናቸው። ይባረክ። እንደ እሱ ያሉትን ያብዛልን።

እንዴት እንደሚጠየቅ በግልጽ እንጻፈው። ቲኬት ሲቆረጥ ይጠየቃል፤ ያ ካለፈ በረራው ሊነሣ ቢያንስ 48 ሰዓት ሲቀረው ለአየር መንገዱ ይደወላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁጥር 1107 ደንብ እርዳታውን የኤርፖርቱ አስተዳዳሪ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የ48 ሰዓቱ ማስታወቂያም ከዚያው ነው። ሳያስታውቁ ቢመጡም የተቻለውን ማድረግ አለባቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። ጉርሻ በፈቃድ ነው፤ መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ ክፍያ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ «ተቆጣጣሪህን ጥራልኝ» ነው። በበረራው ቀን አውሮፕላኑ ሊነሣ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ድረሱ። ቼክ-ኢን (የመንገደኛ መመዝገቢያው) ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ዊልቸር አስመዝግበናል» ይሁን። አብሯቸው የሚሄድ አንድ ሰው በአብዛኛው በዚያው የቅድሚያ መስመር ያልፋል፤ አሥር ዘመድ ግን አያልፍም። አውሮፕላኑ መውረድ ከመጀመሩ በፊት አስተናጋጇ ወንበሩ መጠየቁን ታረጋግጥላችሁ። ሲያርፍ ሰው ሲነሣ አይታችሁ አትነሡ። በራሱ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ የሚጠብቅ ሰው «አያስፈልገውም» ተብሎ ወንበሩ ወደ ሌላ ይሄዳል።

የራሳቸው ዊልቸር ወይም የመራመጃ ድጋፍ ካላቸው እንደ ሻንጣ አይከፈልበትም። በአውሮፓ ደንብ እስከ ሁለት ዕቃ ነጻ ነው። ትራስና የሚነቀል ማሳረፊያ ካለው ነቅላችሁ ወደ ካቢን ይዛችሁ ግቡ፤ የሚጠፋው እሱ ነው። ዊልቸሩን ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሡት። የሚሠራው በባትሪ ከሆነ የባትሪው ዓይነትና የዋት-ሰዓቱ ልክ («Wh» የሚለው የኃይል መጠኑ) አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ጌት ላይ ሲነገር አያስጭኑም።

መቀመጫ ላይ አትቆጥቡ፤ ሌላ ቦታ ቆጥቡ። ለወላጅ የሚሻለው የመተላለፊያ ዳር ነው፤ ክንድ ማሳረፊያው ወደ ላይ የሚነሣ መሆኑን ጠይቁ። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ያለበት ረድፍ ለእግር ቢሰፋም ክንድ ማሳረፊያው ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ መድኃኒት ያለበት ቦርሳም አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ከራስ በላይ ባለው ሣጥን መግባት አለበት። የድንገተኛ መውጫ ረድፍ እርዳታ ለሚሻ ሰው አይሰጥም። ርካሽ አየር መንገድ ጎን ለጎን ለመቀመጥ ቢያስከፍልም፣ በአውሮፓ ደንብ ረዳትን ከወላጅ አጠገብ ለማስቀመጥ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ እንዳለበት አስታውሱት።

መድኃኒት በምንም መንገድ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ሻንጣ ይጠፋል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ከታች በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። ከነማሸጊያው፣ የመድኃኒቱ ስም ከተጻፈበት የሐኪም ማዘዣ ጋር፣ ከጉዞው ቀን የሚተርፍ መጠን ይያዝ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ መድኃኒት ፍተሻ ላይ ቀድሞ ከተነገረ ያልፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አረጋውያን መጸዳጃ ቤት ላለመመላለስ ብለው ውኃ ይተዋሉ፤ የሽንት መድኃኒታቸውንም ዘለው ይሄዳሉ። ለልጅ አይናገሩም። የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ከአራት ሰዓት በላይ ሲቀመጡ እግር ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ መራመድ ቢያቅታቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ቁጭ ብለው ያንቀሳቅሱ፤ የሚያጠብቅ ካልሲ ግን ሐኪም ሲያዝ ብቻ።

የጉዞ መድን (ኢንሹራንስ) ስትገዙ የቆየውን በሽታ ደብቃችሁ ዋጋ አታስቀንሱ፤ ሲታመሙ የማይከፍል መድን ከሁሉ ውድ ነው። ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ላይ ለሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያስፈልጋል፤ የዕድሜ ጣሪያው ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ አንብቡ። ማረፊያ ስትይዙ «ሊፍት አለ ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ስንት ደረጃ አለ?» በሉ።

በመጨረሻ፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሲገጥማችሁ በቃል አመስግናችሁ አትለፉ። ደረቱ ላይ ያለውን ስም፣ ቀኑን፣ የበረራውን ቁጥርና ጌቱን ጻፉ፤ ለአየር መንገዱም ለኤርፖርቱም የደንበኞች አገልግሎት በስሙ ላኩ። ብዙዎቹ ገፊዎች የተቀጠሩት በሌላ ተቋራጭ ድርጅት በኩል ስለሆነ፣ ደብዳቤው ለተቋራጩ እንዲተላለፍ ብላችሁ ጨምሩበት፤ ካልሆነ አለቃው ጋ አይደርስም።