ፈረንጅ አራዳ ያሉት ታፔላ ጻፊና 36ቱ የስዊድን እግረኞቼ

በናፖሊዮን ዘመን ውጊያዎች ላይ የተመሠረተውን የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ጅማ ውስጥ የምንጫወት ሰዎች በአንድ እጅ ጣት የምንቆጠር ስለሆንን፣ 28 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸውን የመጫወቻ ወታደሮች ቀለም የሚቀባልኝ ሰው እዚሁ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሱቅ ታፔላና የመኪና ጽሑፍ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ግን 36 የስዊድን እግረኞቼን ተቀብለው፣ እያንዳንዳቸውን በ70 ብር ሒሳብ ቀብተው አስረክበውኛል። ሥራው ከጠበቅሁት በላይ ነው።

የስዊድን ጦር ለቀቢ ቀላል አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1808 እና 1809 ስዊድን ፊንላንድን ለሩሲያ ባጣችበት ጦርነት ብዙ እግረኞች ግራጫ ለብሰው ተዋግተዋል፤ የፈረንሳይ ማርሻል የነበረውና በ1810 የስዊድን አልጋ ወራሽ ሆኖ የተመረጠው በርናዶት በ1813 ወደ ጀርመን ይዞት የዘመተው ጦር ግን ጥቁር ሰማያዊ ለባሽ ነው። የእኔ ወታደሮች የኋለኞቹ ናቸው። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ከአውራ ጣት ባነሰ ወታደር ላይ እንዳለ ሲቀባ ከክንድ ርቀት ጥቁር መስሎ ይታያል፤ ለሙከራ የቀቧቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወታደሮችም እንዲሁ ሆነው ነበር። ችግሩን ሳስረዳቸው ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ለታፔላ ፊደል ጥላ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ሰማያዊውን በነጭ ጠብታ አፍክተው ትከሻው፣ ክርኑና የጨርቁ እጥፋት ጫፍ ላይ ብቻ በቀጭኑ አሳረፉት፤ ኮቱም ወዲያው ቅርጽ አወጣ።

መኮንኑ ላይ ያሳዩት ጥንቃቄ ለብቻው መነገር አለበት። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1772 ሥልጣኑን ባጠናከረበት ጊዜ ደጋፊዎቹ በግራ ክንዳቸው ነጭ ጨርቅ አስረው ነበርና የስዊድን መኮንኖች ይህንን ምልክት ከዚያ በኋላም ይዘውት ቆይተዋል። ምልክቱ በእኔ መኮንን ክንድ ላይ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፤ ሆኖም የጨርቁ ቋጠሮ ሳይቀር ይለያል። የደረት ቁልፎቹን በብሩሽ ሳይሆን በስቴኪኒ ጫፍ እየነኩ አንድ በአንድ ነው ያስቀመጧቸው።

ጭቃ ይጨመርባቸው እንደሆነም ጠይቀውኝ ነበር። በርናዶት በጥቅምት 1813 ጀርመን ውስጥ ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው የላይፕዚግ ውጊያ ስዊድናውያኑን ከከባዱ ውጊያ ስለቆጠባቸው፣ ጫማቸው ብቻ ጭቃ ነክቶት ልብሳቸው ንጹሕ እንዲሆን ተስማማን።

ያልወደድኩት ዓይኑን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደምናየው ሰፊና ነጩ የጎላ ዓይን ስላደረጉላቸው ሠልፉ በሙሉ የደነገጠ ይመስላል፤ በዚህ መጠን ላለ ፊት ከቅንድቡ ሥር ቀጭን ጥላ ይበቃ ነበር። ሦስት ሳምንት የተባለው ሥራም አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ለዚህኛው ግን አልወቅሳቸውም፤ በጅማ ክረምት እርጥበት መጨረሻ ላይ የሚቀባው የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ስለሚያወጣ፣ ዝናቡ ጋብ ያለበትን ቀን መጠበቃቸው ትክክል ነበር።

አንድ ጉዳት ደርሷል። ከብረት ከተሠሩት ወታደሮች ጋር የሰጠኋቸውን የፕላስቲክ ከበሮ መቺ ለታፔላ በሚጠቀሙበት የዘይት ቀለምና ቲነር ሲሞክሩት ፊቱ ሟሟ። ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ የእሱንም ዋጋ አልተቀበሉም። ስለዚህ የፕላስቲክ ወታደር የሚወስድ ሰው በውኃ የሚቀጥን ቀለም ራሱ ይዞ ይሂድ። እኔ ከዚያ በኋላ የሰጠኋቸው ቫዬሆ የተባለውን የስፔን ቀለም ሲሆን፣ በጠብታ ስለሚወጣ ብክነት የለውም፤ ቅርጹንም አይደፍንም። የልብሱን ፎቶ ከፊትም ከኋላም አሳትሞ መውሰድም ያስፈልጋል፤ እኔ የፊቱን ብቻ በመስጠቴ የቦርሳውን ማንገቻ ቀለም በግምት ነው የቀቡት።

በታኅሣሥ 1813 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ቦርንሆቨድ ላይ ከዴንማርክ ጦር ጋር ለተዋጉት ፈረሰኞች 12 ፈረሶች አዝዣለሁ። ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት የፈረሶቹን ቀለም ዓይነት በፎቶ እንዳመጣላቸው ጠይቀውኛል።