የአሜሪካ ዜግነት ፈተና ነፃ መዘጋጃ፦ 128ቱ ጥያቄዎች የሚያበቁትና የማያበቁት

ለሲቲዝንሺፕ ፈተና መዘጋጃ ተብለው የሚሸጡ ካርዶች፣ መጻሕፍትና የስልክ አፖች ብዙ ናቸው። ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ቦታ ነው፤ የፌደራሉ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ዩኤስሲአይኤስ በድረ ገጹ በነፃ ከሚያወጣው የጥያቄና መልስ ዝርዝር። ስለዚህ መገምገም ያለበት ዋናው ነው፤ አብረውት ከሚወጡት፣ ለእንግሊዝኛው ፈተና ከሚሆኑት የንባብና የጽሕፈት ቃላት ጋር።

ዝርዝሩን አውርዶ ከማተም በፊት ግን ቀን ይታይ። ኤን-400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያስገባ ሰው በ2025ቱ ዕትም ይፈተናል። ዝርዝሩ 128 ጥያቄ አለው፤ ፈታኙ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር እስከ 20 ይጠይቃል፣ ለማለፍ 12 መመለስ ያስፈልጋል። 12 ትክክል ሲሞላ ወይም ስህተቱ 9 ሲደርስ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ከዚያ ቀን በፊት ያስገባ ሰው የሚፈተነው በ2008ቱ ነው፤ ከ100 ውስጥ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ይበቃዋል። ወሳኙ ማመልከቻው የገባበት ቀን ነው፤ የኢንተርቪው ቀጠሮው መቼም ይሁን መቼ።

ከሰው ሰው የሚተላለፉት አሮጌ ካርዶች ጣጣቸው እዚህ ላይ ነው። ሲያዩዋቸው ጥያቄው ያው ይመስላል፣ የሚፈለገው መልስ ግን በዝቷል። የ2008ቱ ከመጀመሪያዎቹ 13 ስቴቶች ሦስት ጥቀስ ይል ነበር፤ የ2025ቱ አምስት ይላል። በአሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ ካሉት መብቶች ሁለት መጥራት ይበቃ ነበር፤ አሁን ሦስት ነው። ከመንግሥት ክፍሎች አንዱን መጥቀስ ይበቃ የነበረው ሰው አሁን ሦስቱንም እንዲጠራ፣ ሦስት የሆኑበትንም ምክንያት እንዲናገር ሊጠየቅ ይችላል። ካርዱ ላይ 100 የሚል ካለና ማመልከቻው አዲስ ከሆነ ካርዱ አይጠቅምም።

የአዲሱ ዝርዝር ትልቁ በጎ ነገር ይኸው «ለምን» የሚለው ነው። ትልቁ ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው፤ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን በአንድ መስመር ይዘጋዋል። ከግማሽ በላዩ ስለ መንግሥት አሠራር በመሆኑ አሠራሩ ያልገባው ሰው 128 የማይገናኙ መስመሮችን ሊሸመድድ ነው። የገባው ግን ብዙውን ከጥቂት ሐሳብ ያወጣዋል። ሥልጣን በሦስት የተከፈለው አንዱ ወገን ጠቅልሎ እንዳይዘው ነው። ኮንግረስ ሕግ ያወጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ይፈርምበታል ወይም አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል (ቪቶ ያደርገዋል)፤ ኮንግረስ በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቪቶውን ሊሽር ይችላል፤ ፍርድ ቤቶች ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረነውን ሕግ ይጥላሉ። ቁጥሮቹም እንዲሁ ናቸው። 100 ሴኔተሮች ለ6 ዓመት፣ 435 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለ2 ዓመት ይመረጣሉ። ተወካዮቹ ዘመናቸው ያጠረው የሕዝቡን አስተያየት በቅርብ እንዲከተሉ ነው፤ ይህን የያዘ ሰው 6ን ከ2 አያምታታም።

ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። እዚያ መንግሥት የሚመራው ከፓርላማ በሚወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለሆነ፣ ፕሬዚዳንቱንም ኮንግረስ የሚመርጠው ይመስላል። አይደለም፤ የሚወስነው ከየስቴቱ የሚመጡ መራጮች ድምፅ የሚሰጡበት ኢሌክቶራል ኮሌጅ ነው፤ ከ538 ድምፅ 270 ያገኘ ያሸንፋል።

ዝርዝሩ መልስ ሳይሰጥ የሚያልፋቸው ጥያቄዎችም አሉ፦ የአሁኑ ፕሬዚዳንት፣ የአፈ ጉባኤው፣ የስቴቱ አገረ ገዢ፣ የሴኔተሩና የተወካዩ ስም። እነዚህ ከኢንተርቪው በፊት ባለው ሳምንት እንደገና መታየት አለባቸው፤ ምርጫ ወይም ሹመት መካከል ላይ ሊገባ ይችላል። አንድ ዚፕ ኮድ ለሁለት የምርጫ ክልል ሊከፈል ስለሚችል ተወካይ የሚፈለገው በሙሉ አድራሻ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ሴኔተርም አገረ ገዢም የለውም፤ ትክክለኛው መልስ ዲሲ ሴኔተር የላትም ማለት ነው። የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ እንጂ ባልቲሞር አይደለም፤ የቨርጂኒያም ሪችመንድ ነው።

ብዙዎቹን አፖች ዝቅ ያለ ነጥብ የምንሰጣቸው አማራጭ መልስ እየሰጡ ስለሚጠይቁ ነው። ፈተናው የቃል ነው፤ አራት አማራጭ ፊት ለፊት አይቀርብም። መልሱን አይቶ የሚያውቅ ሰው ኦፊሰሩ ፊት ቃሉ ሊጠፋበት ይችላል። ከአፑ የሚሻለው ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ነው፤ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቀ፣ አንዳንዴም ፈጠን እያለ። ዝርዝሩ ለአንድ ጥያቄ ብዙ መልስ ሲሰጥ ሁሉንም ማጥናት ትርፍ ድካም ነው፤ ለአፍ የሚቀለው ይመረጥ። ለ13ቱ ስቴቶች ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ጆርጂያ ይበቃሉ። አንድ ሲጠየቁ አንድ መልሶ ማቆም ነው።

በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት የዜጋ ብቻ መብት መሆኑን ዝርዝሩ ይናገራል፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ምን ማለት እንደሆነ ግን አያብራራም። ዜጋ ሳይሆኑ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የመራጭ ምዝገባ ሳጥን ላይ ሳያነቡ ምልክት ማድረግ ትልቅ መዘዝ አለው፤ ኤን-400 ራሱ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ብሎ ይጠይቃል።

የቃላት ዝርዝሮቹ አጭርና ጥሩ ናቸው። በንባብም በጽሕፈትም ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱ ይበቃል። ትርጉም የማያጠፋ የፊደል ስህተት አይጥልም፤ ኦፊሰሩ እንዲጻፍ የሚያነበውን ቃል አሳጥሮ መጻፍ ግን ይጥላል።

ለአዛውንቶች ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግ ይሆናል። ማመልከቻ ሲያስገቡ ዕድሜያቸው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ከእንግሊዝኛው ነፃ ናቸው፤ የሲቪክሱን፣ ማለትም የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን፣ በአማርኛ በአስተርጓሚ ይፈተናሉ። 65 የሞላቸውና 20 ዓመት የኖሩት ደግሞ ኮከብ የተደረገባቸውን 20 ጥያቄዎች ብቻ ያጠናሉ፤ 10 ይጠየቃሉ፣ 6 ይበቃቸዋል። ለእነዚህ እናቶችና አባቶች ሙሉውን የእንግሊዝኛ ካርድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ በወደቀበት ክፍል ብቻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደገምለታል። ሁለተኛውን ከወደቀ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፤ አዲሱ በወረቀት 760፣ በኦንላይን 710 ዶላር ያስከፍላል። የሚከፈልበት መዘጋጃ የምንመክረው ጠያቂ ለሌለውና በድምፅ መለማመድ ለሚፈልግ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ በአቅራቢያው ያለ ቤተ መጻሕፍት ነፃ የዜግነት ክፍል እንዳለው ይጠይቅ።