«ለብርድ ወራት ዝግጁ» ለሚባለው ርካሽ ካምፐር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የቤት ኪራይ ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው የብርዱን ወራት በካምፐር (አልጋና ማብሰያ ባለው የመኖሪያ መኪና) ውስጥ ለማሳለፍ ያሰቡ ሰዎች ይህን እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ። ቅዝቃዜው ሊገባ ሲል አንድ ዓይነት ጥቅል ለገበያ ይቀርባል፤ ያገለገለ ካምፐር የናፍጣ ማሞቂያ፣ የሊቲየም ባትሪና የጋዝ ሲሊንደር ተጨምሮለት፣ «ለብርድ ወራት ዝግጁ ነው» እየተባለ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። እኔም ይኸው ጥቅል ቀርቦልኝ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ስመረምር፣ ከዜሮ በታች በሆነ ሌሊት የተባለለትን ያህል እንደሚሠራ ሻጩ ሊያረጋግጥልኝ የቻለው አንድም ዕቃ አልነበረም።

ትልቁ ማሳሳቻ ማሞቂያው ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ 8 ኪሎዋት የሚል ተጽፎበታል፤ የመመሪያው ወረቀት ግን ከፍተኛው የነዳጅ ፍጆታ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል መሆኑን ይገልጻል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል የሚሰጠው ኃይል ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚያቃጥል ማሞቂያ በጭስ ማውጫው በኩል ምንም ሙቀት ባያባክን እንኳ ከ5 ኪሎዋት ሊያልፍ አይችልም። ሻጩን ስጠይቀው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ግን ይህ ለእኛ ማጽናኛ አይሆንም። ለትንሽ ካምፐር 5 ኪሎዋትም የሚናቅ አይደለም፤ ችግሩ ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱም ባለ አንድ መስታወት ለሆነ ትልቅ ካምፐር በ8 ኪሎዋት ስሌት ተማምኖ መግዛቱ ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመኪናው ጠርዝ አልፎ መውጣቱን ሳታዩ ግን ስለ ኪሎዋት መከራከሩ ዋጋ የለውም፤ ከወለሉ ሥር የቀረ ጭስ ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝም ቀለምም ሽታም የለውም። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ደወል በጥቅሉ ውስጥ ከሌለ ከማንኛውም ነገር በፊት እሱን ግዙ።

ባትሪውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ከዜሮ በታች ኃይል ቢሰጥም፣ በዚያ ቅዝቃዜ ቻርጅ ከተደረገ ግን የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል፤ ስለዚህ በብርድ ጊዜ መሙላቱን በራሱ የሚያቋርጥ መከላከያ ወይም የራሱ ማሞቂያ እንዳለው በጽሑፍ ይረጋገጥላችሁ። ነዳጅ ባለቀ ጊዜ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ትሞቃላችሁ የሚለውን ምክርም አትቀበሉ፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው ወደ 1200 ዋት ሰዓት በመሆኑ፣ 1500 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ፕሮፔን ነው ወይስ ቡቴን ብላችሁ ጠይቁ። ቡቴን ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ እያለ ምድጃው ሊጠፋ ይችላል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ጭስ ማውጫ የሌለውን የጋዝ ማሞቂያ «ሙቀት አያባክንም» ብለው ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ፣ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ እንደሚወጣ አስቡ። ያ ውኃ የሚያርፈው በቀዝቃዛው ግድግዳና በፍራሹ ሥር ነው፤ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል።

«ዝግጁ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስገድድም። በአውሮፓ ለሞተር ካምፐር የሚሠራው ኢኤን 1646-1 የተባለ መስፈርት ከፍተኛውን ደረጃ የሚሰጠው፣ ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ውስጡን በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ 20 ዲግሪ ለሚያደርስ ተሽከርካሪ ነው። ሻጩ እንዲህ ያለ የደረጃ ወረቀት ካለው ያሳያችሁ፤ ከሌለው ጎንበስ ብላችሁ የውኃና የፍሳሽ ታንከሮቹ ሽፋን ሳይኖራቸው ከወለሉ ሥር ተንጠልጥለው እንደሆነ ተመልከቱ፣ የወለሉንም ማዕዘኖች በእግራችሁ ጫን ጫን እያላችሁ ፈትሹ፤ የሚሰምጥ ወለል ውኃ የገባበት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን በቀዝቃዛ ሌሊት ማሞቂያው በርቶ፣ ውኃውም በቧንቧው ውስጥ እንዳለ፣ ቴርሞሜትር አስቀምጦ ማደር ነው። እኔ ይህን ስጠይቅ ሌላ ገዢ እየመጣ መሆኑ ተነግሮኝ የማይመለስ ቀብድ እንድከፍል አጣደፉኝ። ሌሊቱን ለመሞከር የማይፈቅድ ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ቀብድ አትስጡ፤ የምትሰጡም ከሆነ ሙከራው ካልተሳካ ገንዘቡ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።